ሳይሰማ የተሰጠ ቃል

ግቢያችን ውስጥ ጠዋት ሁለት ፀሐይ አለ፤ ከሰዓት በኋላ ግን አንድም የለም። ጠዋት እውነተኛዋ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች፤ በምዕራብ በኩል ያለው የጎረቤታችን ባለ አምስት ወለል ሕንጻ ደግሞ በመስታወቱ ተቀብሎ መልሶ በረንዳችን ላይ ይረጫታል። ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ያው ሕንጻ ፀሐይዋን ይጋርዳትና ጥላው በበረንዳው፣ በልብስ ማስጫው፣ በአቦካዶው ላይ ተራ በተራ ይተኛል። ስለዚህ የእኔ ሥራ ወንበር ማዘዋወር ሆኗል። የአባቴን ወንበር ጠዋት ከብልጭታው አሸሻለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የቀረችውን የፀሐይ ቁራጭ እየተከተልኩ ወደ አጥሩ በር አስጠጋለሁ። ዕድሜው ከሰማንያ አልፏል፤ ብርድ አይችልም። ሐዋሳ ላይ በረደኝ ብሎ የሚያማርር ሰው ከእሱ ሌላ አላውቅም፤ እሱም ቢሆን ይህን አመል ያመጣው ከሕንጻው ወዲህ ነው።

ለጠየቀኝ ሁሉ ጥፋቱን ለሕንጻው እሰጣለሁ። ዩኒቨርሲቲ የማስተምረው ሥነ ሕንጻ ስለሆነ ስለ መስታወትና ስለ ሙቀት፣ ስለ ነፋስ አቅጣጫና ስለ ጥላ ርዝመት ለማውራት ምክንያት አላጣም። ተማሪዎቼ ከየአገሩ የመጡ ልጆች ናቸው፤ ነገር በዓይን ይገባቸዋል። ስለ ጥላ ማስተማር ስጀምር "ቲቸር ዛሬም ጎረቤቷን ልትከስ ነው" ብለው እንደሚሳሳቁ አውቃለሁ። ያልነገርኳቸው ነገር ቢኖር ያ ሕንጻ እዚያ የቆመው በእኛ ፈቃድ መሆኑን ነው። አባቴ ፈቀደ፣ እኔ ዝም አልኩ።

ሰፈራችን በከተማዋ ዕድሜ ሲለካ አንጋፋ ነው። ከሰሜን የመጡ እንግዶች አሮጌ ሰፈር ስላቸው ይስቁብኛል፤ ቤተ መንግሥት የለን፣ የግንብ ፍርስራሽ የለን፤ ከተማዋ ራሷ ከአባቴ በዕድሜ ታንሳለች። እኛ ያለን በረንዳ ነው። ለመንግሥት ሠራተኛ ተብለው የተሠሩ ባለ አንድ ወለል ቤቶች፣ ቀይ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ፣ ወደ ሐይቁ የዞረ ሰፊ በረንዳ፣ ከጓሮ ደግሞ ጦጣ የሚፈነጭበት ዛፍ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ተነሥቶ ከአንዱ በረንዳ ወደ ሌላው እየተሻገረ ያልፍ ነበር። አንዱ ቤት ዓሣ ከጠበሰ መንገዱ ሙሉ ምሳ ምን እንደሆነ ያውቃል። የሰፈሩ ቅርስ ይህ ነው፤ በሙዚየም አይቀመጥም፣ ቲኬት አይቆረጥበትም።

አባቴ ወደዚህ የመጣው ቀያሽ ሆኖ ነው። ከጎጃም ሲነሣ ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብሎ ነበር፤ ይኸው እስካሁን አልተመለሰም። መንገዳችንን በገመድና በችካል ካወጡት ሰዎች አንዱ ነው። መንገዱ ለምን እንዲህ እንደሰፋ ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ በአንድ ወገን የለቅሶ ድንኳን ተጥሎ በሌላው ወገን መኪና ማለፍ ስላለበት ነው ይላል። እንዲህ የሚል ደንብ የትም እንዳልተጻፈ እኔ አውቃለሁ፤ እሱም ሳያውቅ አይቀርም። እናቴ የሞተች ጊዜ ግን ድንኳኑ ከእኛ በር እስከ ጎረቤታችን በር ተዘርግቶ ሦስቱንም ቀን መኪና በጎኑ አለፈ። በሐዘኔ መሀል እንኳ አባቴን ልክ ነበርክ ብዬዋለሁ።

የምዕራቡ ጎረቤታችን ሲያርፉ ቦታው ለልጃቸው ደረሰ። ልጁ እኛ ግቢ ነው ያደገው ማለት ይቻላል፤ አቦካዶው ላይ ወጥቶ ሲወድቅ እጁን ጠቅልዬ ሐኪም ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ። እትዬ ነው የሚለኝ። አሁን እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር፣ የአሉሚኒየምና የመስታወት ሱቅ አለው፤ እኔ በክፋቴ ሸቀጡን ሕንጻ አድርጎ ሊያቆመው ነው እላለሁ። መጥፎ ሰው አይደለም። ነገሩን ያከበደብኝም ይኸው ነው፤ መጥፎ ቢሆን ኖሮ ልጠላው እችል ነበር።

ፕላኑን ጠቅልሎ ያመጣልኝ ራሱ ነው፤ እትዬ አንቺ ሳታይው አይሆንም ብሎ። በረንዳው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ መስታወት የለበሰ ባለ አምስት ወለል፣ ከሥሩ ምድር ቤት፣ ግድግዳው በእኛ አጥር ላይ ልክክ ያለ። ከወረቀቱ ጥግ የነዳፊው ስም አለ፤ እኔ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ በዓመቱ ከነበሩት ሁሉ ጎበዙ። ስህተት ፈለግሁ። ደረጃውን ለካሁ፣ የውሃ መውረጃውን ተከተልኩ፣ ምሰሶዎቹን ቆጠርኩ። አንድም ግድፈት አጣሁበት። መስመሩ ንጹሕ ነበር። ፈተና ቢሆን ሙሉ እሰጠው ነበር። ሰፈሩን ብቻ ነው የረሳው፤ ሰፈር መሣል ደግሞ እኔ አላስተማርኩትም።

በሳምንቱ አቤቱታ ጻፍኩ። አራት ገጽ ነበር፤ እልኸኛ ስለሆንኩ ሥዕልም አያያዝኩበት። የሐይቁ ውሃ ቅርብ ስለሆነ ጥልቅ ቁፋሮ አጎራባች ቤቶችን ሊሰነጥቅ እንደሚችል፣ ነፋሱ እንደሚዘጋ፣ ጥላው እስከየት እንደሚደርስ በየሰዓቱ አሳየሁ። አባቴ የድንኳኑን ጉዳይ ካልጻፍሽ አልፈርምም ስላለ እሱንም ጨመርኩ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉት ቤቶች ከጥቂቶቹ በቀር ፈረሙ። ፎቅ ይከልከል አላልንም። ቁመቱ ይቀነስ፣ ከአጥሩ ይራቅ፣ በረንዳ ይኑረው ነበር ያልነው።

የጉዳዩ ቁልፍ ግን በእኛ እጅ እንዳለ የታወቀው በኋላ ነው። ምድር ቤት እስከ ወሰኑ ድረስ ለመቆፈርና ግድግዳውን በአጥሩ ላይ ለማቆም አዋሳኙ ጎረቤት መስማማቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት ተባለ። አዋሳኙ እኛ ነን፤ ካርታው በአባቴ ስም ነው። እኛ ካልፈረምን ከአጥሩ መራቅና ምድር ቤቱን መተው ግድ ይሆንበታል፤ ያ ፕላን ጨርሶ ይቀራል ማለት ነው። ሰፈሩ ተደሰተ። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ እናንተ እስካላችሁ ምን እንሆናለን ይለኝ ጀመር። እኔም ደረቴን ነፋሁ። አባቴ ያውም የራሱን ችካል አስነቅሎ ሊፈርም? በሕልሙም አያስበው።

አሁን ወደ ኋላ ሄጄ አንድ ነገር ልናገር፤ ካልተናገርኩት የቀረው ትርጉም የለውም። ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ቤታችን ሽማግሌ መጥቶ ነበር። ያኔ እርሻ ቢሮ ይሠራ የነበረ ሰው ነው የላካቸው። ወድጄው ነበር ወይ ብባል በመጠኑ እላለሁ፤ ሲስቅ ደስ ይላል፣ ሰዓት ያከብራል። አባቴ እንደ ወጉ አደረገ። ሽማግሌ በመጣ በመጀመሪያው ቀን ልጄን እንካችሁ የሚል አባት ልጁን ያረከሰ ይመስላል፤ ስለዚህ ቤተ ዘመድ ላማክር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ አላቸው። በሁለት ሳምንቱ እናቴ ቤቱን ወልውላ ጠበቀች። አልመጡም። ሰውየው ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውሮ እዚያው አገባ ተባለ። ማንም ማንንም አልወቀሰም። እናቴ ብቻ አልፎ አልፎ፣ በተለይ የሰው ሠርግ ውላ ስትመለስ፣ "ያን ቀን አስቀምጠሃቸው ቢሆን ኖሮ" ትለው ነበር። ከዚያ በኋላ የእኛን በር ያንኳኳ ሽማግሌ የለም። እኔም ሥራዬን ያዝኩ፤ አርባ ሦስት ሆነኝ። በዚህ ጉዳይ ከአባቴ ጋር አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። እንደረሳው እቆጥር ነበር።

የዚያን እሑድ ረፋድ ፀጉሬን ታጥቤ፣ ሻሽ አስሬ፣ ጓዳ ውስጥ የተማሪ ሥዕል አርም ነበር። በሩ ተንኳኳ። አባቴ በረንዳው ላይ ስለነበር ግቡ አለ። ከጓዳው መስኮት አየኋቸው። ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሦስቱም ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። አንዱ የሰፈሩ ቄስ፣ አንዱ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ ሦስተኛው የእድራችን ዳኛ። የእድሩ ዳኛ የሲዳማ ሰው ናቸው፤ አማርኛን ቀስ ብለው፣ ቃሉን እየመረጡ ይናገራሉ። ለፊቼ፣ ለሲዳማ አዲስ ዓመት፣ በየዓመቱ እኔንና አባቴን በዓሉ ወደሚከበርበት ሜዳ፣ ወደ ጉዱማሌ፣ ይዘውን የሚሄዱ፣ እናቴን በእጃቸው የቀበሩ ሰው ናቸው። አቤቱታው ላይም ፈርመዋል።

ሦስቱ ከደረጃው ሥር ቆሙ። አባቴ ቢላቸው፣ ቢሠራቸው አልቀመጥ አሉ። ዳይሬክተሩ እንደ ወጉ ለትልቅ ጉዳይ ነው የመጣነው፣ ካልተፈቀደልን አንቀመጥም አሉ። አባቴ ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል፤ የሰው መልክ አይለይም፣ ነጭ ልብስ ግን ይታየዋል። ሦስት ነጭ ልብስ፣ እሑድ ረፋድ፣ ቆመው። ከወንበሩ ተነሣ። ከዘራውን እንኳ አልያዘም።

"ለምን ትቆማላችሁ?" አለ። "የመጣችሁበትን ፈቅጃለሁ። ሳትነግሩኝ ፈቅጃለሁ። ተቀመጡ።"

ከዚያ ወደ ጓዳ ዞሮ ጠራኝ። ወንበር እንዳወጣ አዘዘኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ደግሞ "ነጠላሽን ልበሺ" አለኝ።

ነጠላሽን ልበሺ ሲለኝ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ለቄሱ ይሆናል ብዬ ለበስኩና ወንበር ማውጣት ጀመርኩ። ከመመገቢያ ክፍሉ ጠረጴዛ ሁለቱን አወጣሁ፣ ተመልሼ ሦስተኛውን አመጣሁ። በዚያ መሀል አባቴ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቄሱ ጉልበት፣ ስለ ሐይቁ ሙላት ያወራል። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። አንገቴን ደፍቼ ላልፍ ስል የእድሩን ዳኛ ዓይን አየሁት። ግራ ገብቷቸው ነበር።

ተቀመጡ። ቄሱ መረቁ። ከዚያ ዳይሬክተሩ ጉዳዩን አወጡት። የጎረቤት ልጅ የራስ ልጅ ነው፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ አባቱ ቢኖሩ እርስዎን ባላስቸገሩ ነበር፤ የሚለምነው አንዲት ፊርማ ናት፤ ወሰኑ ላይ እንዲሠራ ይፍቀዱለት አሉ።

የውሃ ብርጭቆ በሰሃን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። የአባቴ እጅ ወደ ከዘራው ሄደ፣ ፈልጎ አገኘው። ዳይሬክተሩ "ፈቅጃለሁ ያሉት እንግዲህ እንዳለ ነው?" ብለው ጠየቁ። አባቴ አዎ አለ። "ብያለሁ፤ እንዳለ ነው።"

ነጠላውን ለምን እንዳስለበሰኝ የገባኝ ያኔ ነው። በዚያች ቅጽበት ማድረግ የነበረብኝ ወጣ ብሎ "አባቴ የመሰለው ሌላ ነው" ማለት ብቻ ነበር። ግን ይህን ያለ ሰው ሌላው ምን እንደነበር መናገር አለበት። አባቴ ሊያገባኝ የመጣ ሰው ያለ መስሎት ነው፤ ካሁን በኋላም ይመጣሉ ብሎ ስላላመነ፣ እንደገና ተመለሱ ብሎ እንዳያጣቸው ፈርቶ ነው ሳይሰማ የሰጣችሁ። ይህን በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ ሻሽ አስሬ፣ በሦስት ሽማግሌ ፊት ልናገር? ውሃውን አቀረብኩ። ጠጡ፣ አመሰገኑ፣ ሄዱ።

እንደወጡ ጮኽኩበት። አቤቱታው በእጄ የተጻፈ መሆኑን፣ ሰፈሩ ሁሉ እኛን እንደሚያይ፣ አንድ ሰው ጉዳዩን ሳይሰማ እንዴት ይፈቅዳል ብዬ ጮኽኩበት። ለምን እንደፈቀደ ግን አልጠየቅሁትም፤ መልሱን ስለማውቅ ፈራሁ። እሱም እንዳልጠይቀው ፈርቶ ይመስለኛል ዝም ብሎ ሰማኝ። በመጨረሻ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው አለና ወደ ውስጥ ገባ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይህ ነው አልኩ ለራሴ፤ እውነቱ ግን ቸግሮት ነበር።

ረቡዕ ዕለት የእድሩ ዳኛ ብቻቸውን መጡ። በዚህ ጊዜ ጋቢ አልለበሱም፤ ኮትና ኮፍያ አድርገው ነበር። ያለ ወትሮአቸው ፈጥነው ተቀመጡ። እኔ ከጓዳ ስሰማ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀመሩ። ልጁ ሽማግሌ ሁኑኝ ሲላቸው እምቢ ማለት አልቻሉም፤ ሽማግሌ ሁን ተብሎ እምቢ የሚል ሽማግሌ የለም። የመጡት እኛ እምቢ እንደምንል እርግጠኛ ሆነው ነው። እምቢ ተባልን ብለው ሊመለሱ፣ ነገሩም በዚያው ሊያበቃ። አባቴ ገና ቆመው ሳሉ ፈቅጃለሁ ሲል ክው ብለው እንደቀሩ ተናገሩ።

"ጋሼ፣ እኛ ዘንድ ሐላሌ የሚባል አለ" አሉ። "እውነት ማለት ነው። እውነቱ ሳይታወቅ የወጣ ቃል አይታሰርም። እርስዎ ያን ቀን ሌላ ጉዳይ መስሎዎት ከሆነ አንድ ጊዜ ይበሉኝ። ለሁለቱ እኔ እነግራለሁ። ቃሉ ይመለሳል።"

በሩ ተከፍቶለት ነበር፤ ከዚያ በላይ ሊከፈት አይችልም። ከጓዳው በር ወጣ ብዬ ቆምኩ። አባቴ ስራመድ ሰምቶኛል፤ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ዓይኑ እኔን እንደማያየኝ አውቃለሁ፣ ግን አየኝ።

"ግንባታውን ነው እንጂ ሌላ ምን ይመስለኛል" አለ።

የእድሩ ዳኛ አላመኑትም። ወደ እኔ ዞሩ። ሰውየው አስተዋይ ናቸው፤ አልጠየቁኝም፣ ግን ጠበቁኝ። አዎ ሌላ መስሎት ነው፣ እኔን ሊጠይቁ የመጡ መስሎት ነው ብል ያ ሁሉ ያበቃል፤ አቦካዶው ይተርፋል፣ ነፋሱ ይተርፋል፣ የሰፈሩ ሰው ፊቱን ከእኛ አያዞርም። አባቴም ሐሰተኛ ይሆናል፤ በልጁ ምክንያት በሰማንያ ዓመቱ እጁን የዘረጋ ሰው ይባላል። እኔን የሚሉኝንም አስቤዋለሁ፤ አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። እንዲያውም መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነው። ይሉኝታ ሰው ይገድላል ሲባል የሰማሁት በቀልድ ነበር።

"አባቴ ያለው ነው" አልኩ።

ኮፍያቸውን አነሡ። በር ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ "አዝናለሁ ልጄ" አሉኝ። ዐውቀው ነበር ማለት ነው፤ ግን ሐላሌ በሌላ ሰው አፍ አይነገርም መሰለኝ፣ ለማንም አልተናገሩም።

የፈረምነው በሳምንቱ ነው። ልጁ ወረቀቱን ይዞ መጣ፣ የአባቴን ጉልበት ሳመ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፣ የእውነት። አባቴ መስመሩ ስለማይታየው ጣቱን ይዤ ቦታውን ያሳየሁት እኔ ነኝ። በሕይወቱ ሙሉ ቀጥ ያለ መስመር ሲያወጣ የኖረ ሰው ፊርማው ከመስመሩ በታች ወርዶ ወጣ። ከዚያ በእድሩ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ሰው አልተሳደበም፤ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። አንዲት ጎረቤታችን ብቻ፣ ጡረታ የወጣች ነርስ፣ እናንተው ከፈቀዳችሁ እኛ ምን አገባን ብላ ፊርማዋን እንድሰርዝላት ጠየቀችኝ። ሰረዝኩላት። እሷን ተከትለው ሌሎችም አሰረዙ። አቤቱታው እስከዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ከፊርማው ስርዙ ይበዛል።

ቁፋሮው ሲጀመር የወሰኑ ችካል ወጣ፤ አባቴ በእጁ የቀበረው ድንጋይ ነበር። ሠራተኞቹ በአክብሮት ይዘውለት መጡ፤ አሁን የበረንዳው በር በነፋስ እንዳይዘጋ እናስደግፍበታለን፤ ነፋስ የሚኖር ይመስል። ከግማሽ በላይ ሥሩ የተቆረጠው አቦካዶ ዘንድሮ አላፈራም። የመመገቢያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ከመስኮቱ እስከ ጣሪያው ስንጥቅ ወጥቷል፤ በእርሳስ ቀን እየጻፍኩበት እከታተለዋለሁ፤ ይህም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ከማዶ ያለው ቤት ደግሞ ባለፈው ክረምት ፈረሰ። እሱም መስታወት ይለብሳል አሉ። ጎረቤታችን ነርሷ ባሏ ሲሞት ድንኳኑን ደጇ ላይ መጣል አልተቻለም፤ ወደ ሕንጻው ምድር ቤት የሚገባው የመኪና መውረጃ መንገዱን ቆርጦታል። እኛ ግቢ ጣልነው፤ ሰው በጥላው ውስጥ ቁር እንደያዘው ሦስት ቀን ተቀመጠ።

ወንድሜ አዲስ አበባ ነው፤ ሽጡትና ኑ ይላል። መሄድ የማንችለው ለምን እንደሆነ ልነግረው እየጀመርኩ እተወዋለሁ። እኔ አባቴን ጥዬ አልሄድም፤ አባቴ መንገዱን ጥሎ አይሄድም፤ ሁለታችንም ደግሞ ያንን እሑድ አንስተን ሳንነጋገር ከዚህ ግቢ የምንወጣበት መንገድ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ጠዋት ወንበሩን ከብልጭታው አሸሻለሁ፣ ሥራ ገብቼ ስለ ጥላ ርዝመት አስተምራለሁ፣ በምሳ ሰዓት ተመልሼ ወንበሩን ወደ ፀሐይ አወጣለሁ። ልጁ ከአራተኛ ፎቅ እጁን ያውለበልብልኛል፤ እኔም አውለበልባለሁ።

በቀደም ቅዳሜ ቤት ነበርኩ። ስምንት ተኩል ሲሆን ጥላው እንደ ልማዱ ወደ በረንዳው ወጣ፤ የአባቴ ጫማ ላይ ደረሰ፣ ከዚያ ጉልበቱ ላይ። ጋቢ ላመጣ ስነሣ እጄን ያዘኝ። ያልጠየቅሁትን ነው የመለሰልኝ።

"በቤቱ እንኳ ያን ያህል አላዘንኩም" አለኝ። "ያን ቀን ወንበሩን አውጥተሽ እስክትጨርሺ ድረስ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።"

እጁን ከእጄ ሳላላቅቅ በሌላው እጄ ወንበሩን ይዤ፣ እሱም እየተነሣልኝ፣ ወደ አጥሩ በር ወሰድኩት። እዚያም ፀሐይ አልነበረም።